የድንኳን ራት ሲበላሽ፦ ከጣና ዳር እስከ ጮቄ

ጎጃም ውስጥ ድንኳን ይዞ የሚወጣ ሰው ዛሬ ያደረበትና ነገ የሚያድርበት ቦታ ከፍታ ፈጽሞ አይገናኝም። ደጀንን አልፎ የዓባይ ድልድይ ድረስ ቢወርድ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ ባሕር ዳር 1,800 አካባቢ ነች፤ ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ትንሽ ታልፋለች፤ የጮቄ ተራራ አናት ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አንዱ ጋ የሠራ ድስት ሌላው ጋ ያሳፍራል። ከዚህ በታች የጻፍኳቸው ችግሮች አብዛኞቹ መነሻቸው አንድ ነው፦ ቤት ማለቅ የነበረበትን ሥራ ሜዳ ላይ፣ በንፋስና በጨለማ፣ ለመሥራት መሞከር።

ክኩ ፈልቶ ፈልቶ አልበስል አለ

ውሃው ይንተከተካል፣ ክኩ ግን ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል። ብዙ ሰው እሳቱ ያነሰ ይመስለውና እንጨት ይጨምራል። ምንም አይረዳም። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃም ሙቀቱ ሳይጨምር ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ የሚፈላበት ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳር ላይ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፣ ደብረ ማርቆስ 92፣ ጮቄ አናት አጠገብ ደግሞ 87 ብቻ። ከዚያ ወዲያ ማገዶ ቢከመርበት ውሃው ይተናል እንጂ አይግልም።

መፍትሄው የምግቡ ምርጫ ላይ ነው። ለደጋ ሽሮ፣ ድርቆሽና በሶ ያዙ፤ ሦስቱም ቤት ተቆልተው ወይም ተጋግረው እሳት ያዩ ናቸው። የግድ ክክ ወይም ምስር ካማራችሁ ጠዋት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ማታ ይለሰልሳል። ቲማቲም የምትጨምሩ ከሆነ ጥራጥሬው ከበሰለ በኋላ ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ድንች አውራ ጣት በሚያህል ቁራጭ ከተፍ አድርጉት። ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ እንፋሎቱ እንዳያመልጥ።

የመጠጥ ውሃም እዚሁ ላይ ይነሳ። ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆናችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ሙሉ አፍሉት። ጮቄ ብዙ ወንዞች የሚመነጩበት ተራራ ነው፤ ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይም በየሜዳው ከብት ይሰማራበታልና ከምንጭ ቀድቶ ዝም ብሎ መጠጣት አያስተማምንም።

ሽሮው ጓጎለ፣ ከሥሩም አረረ

የጓጎለው ዱቄቱ የፈላ ውሃ ላይ ስለተበተነ ነው። ቀድማችሁ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት፣ ከዚያ ቁሌቱ ላይ እያማሰላችሁ አፍስሱት። ከሥሩ ያረረው ደግሞ ለጉዞ የሚያዘው ድስት ስስ ስለሆነ ነው። ሽሮው ፈልቶ መፈንጠር ሲጀምር የሚነደውን እንጨት ወደ ኋላ ሳቡና በፍሙ ብቻ ይንተክተክ። ጥሬ ጥሬ ካለ አልቆየም ማለት ነው፤ ዘይቱ ከላይ ብቅ እስኪል ጠብቁት።

ወጡ ቀይ ነው፣ ጣዕም ግን የለውም

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሄደ ሰው ቅራሪ የመሰለ ወጥ ሊቀርብለት አይገባም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ሽንኩርቱ አልበሰለም። ሜዳ ላይ ሁሉም ርቦታል፣ መብራት የለም፣ እሳቱ አንዴ ይበረታል አንዴ ይሞታል፤ ስለዚህ ሽንኩርቱ ገና ውሃው ሳይመጠጥ በርበሬ ይገባበታል፣ በርበሬው ሳይበስል ውሃ ይጨመርበታል። አንዳንዱ ጥፋቱን በምድጃው ያሳብብና ውድ የካምፕ ቡታጋዝ ይገዛል። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የተባለው ለዚህ ነው።

ቁሌቱን ቤት ጨርሱት። ለአራት ሰው ስድስት መካከለኛ ቀይ ሽንኩርት ድቅቅ አድርጋችሁ ክተፉ፤ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት፣ ውሃው እስኪመጠጥና ቀለሙ ወደ ቡናማ እስኪያደላ አማስሉት። ከዚያ አንድ የቡና ሲኒ ዘይት፣ ቀጥሎ አራት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ። በርበሬው እንዳያር ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ ስጡት፤ ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ስታባብሉት ዘይቱ ከዳር ተለይቶ ይወጣል፣ ሽታውም ከሚያስነጥስ ወደሚያስጎመጅ ይለወጣል። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ ጨው፣ ጥቂት ደቂቃ፣ በቃ። ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲመጠጥ አውርዱት፣ በደንብ ሲቀዘቅዝ በንጹህና ደረቅ ዕቃ አሽጉት።

እንደ ጮቄ ያለ ብርድ ቦታ እስከ ሁለተኛው ምሽት ይደርሳል። ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ ግን በመጀመሪያው ምሽት ጨርሱት፤ ሙቀቱ አያስቆየውም። ኮረሪማና መከለሻ ለብቻቸው በትንሽ ወረቀት ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የሚገቡት ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው፣ ቀድመው ከገቡ መዓዛቸው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

እሳቱ ያጨሳል እንጂ አይነድም

ወይ እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ወይ አየር አጥቷል። ባህር ዛፍ ከላይ የደረቀ መስሎ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፤ ሰንጥቃችሁ ውስጡን በጉንጫችሁ ንኩት፣ ከቀዘቀዛችሁ አልደረቀም። ከጉልቻዎቹ መካከል ያለው አንዱ ክፍተት ወደ ንፋሱ ይዙር፤ አመድ ካለ ጠረግ አድርጉት፤ በጭራሮ ጀምሩ። ንፋሱ ከበረታ ግን ክፍተቱን አዙራችሁ ከንፋሱ በኩል ድንጋይ ደርድሩ።

ማገዶውን ከታች ገበያ ገዝታችሁ ውጡ። አዊ በኩል የምትሄዱ ከሆነ፣ እንጅባራና አካባቢዋ ዲከረንስ ከሚባለው ዛፍ የተከሰለ ከሰል ይሸጣል፤ ጠንካራ ፍም አለው፣ ለራት ይመቻል። ዘንገና ሐይቅ ዙሪያ ካለው ደን ወይም ከጮቄ አስታና ጅብራ አንድ ቅርንጫፍ እንኳ አትስበሩ። እነዚህ ተክሎች በዚያ ብርድ የሚያድጉት በብዙ ዓመት ነው፤ ለአንድ ምሽት ሽሮ አይነደዱም።

ከራት በኋላ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ መጣ

ይህን ሳታነቡ አትለፉ። ብርዱ ሲጠና የተረፈውን ፍም በማንደጃ ይዞ ድንኳን መግባት የተለመደ ነው፤ ሰው ይገድላል። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ መጥፋቱም ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። የድንኳኑን ዚፕ ትንሽ ከፍቶ መተው አያድንም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ እንግዳ የሆነ ድካምና እንቅልፍ ምልክቶቹ ናቸው። ጮቄ ላይ ከፍታውም ራሱ ራስ ያሳምማል፤ የቱ እንደሆነ ለመለየት አትቀመጡ። ድንኳን ውስጥ የሚነድ ነገር ካለ መጀመሪያ ሰዉን ሁሉ ወደ ውጭ አውጡ። የሚንገዳገድ፣ የሚቀባዥር ወይም የማይነቃ ካለ በዚያው ሌሊት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ራስ ምታቱ ውጭ ሆኖም እየባሰ ከሄደ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ውረዱ።

ለሙቀት የፈላ ውሃ በብረት ኮዳ ሞልታችሁ፣ አፉን አጥብቃችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ እግራችሁ ሥር አድርጉት።

እንጀራው ሻገተ

ሳይቀዘቅዝ በፌስታል ታስሯል። ለመጀመሪያው ምሽት የሚሆነውን አቀዝቅዛችሁ በጨርቅ ጠቅልሉ፤ ለቀሪው ድርቆሽ ያዙ። የድርቆሽ ፍርፍር ለድንኳን ራት የሚተካከለው የለም። ቁሌቱን አሙቁ፣ ቋንጣ ካለ በትንሽ ውሃ እዚያው አሥር ደቂቃ ይፍላ። ድርቆሹን በእጅ ሰባብራችሁ ጨምሩ፣ መረቁ እኩል እንዲያገኘው ገልበጥ ገልበጥ አድርጉት፣ ከእሳት አውርዳችሁ ክደኑት። ሁለት ደቂቃ ብቻ፤ ከቆየ ገንፎ ይሆናል። ቅቤ የምትበሉ በዚህ ጊዜ ጣል አድርጉበት። ጮቄ ላይ ቅቤው እንደ ድንጋይ ይረጋልና ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ያዙት።

ዓሣው ድስቱ ላይ ተጣብቆ ቀረ

ጣና ዳር ያደረ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው። ዓሣው እርጥብ ነበር፣ ዘይቱም አልጋለም። ታጥቦ የተበለተውን ቆሮሶ በጨርቅ አድርቁት፣ ዱቄትና ሚጥሚጣ ነስንሱበት፣ ዘይቱ ላይ የዱቄት ቁንጣሪ ጣሉና ሲንጨረጨር አስገቡት። በራሱ ጊዜ እስኪላቀቅ አትነካኩት። ሎሚ የሚጨመቅበት ዓሣው ከዘይቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ከመካከላችን ጾመኛ አለ

ረቡዕና ዓርብ፣ በበጋውም ዐቢይ ጾም አለና ይህ ሁልጊዜ ያጋጥማል። መሠረቱን በዘይት ሥሩት፣ ቅቤውና ቋንጣው በሌላ ድስት ይሁን፣ ማማሰያውም ይለይ። የጾመኛው ድስት ቀድሞ ይውጣ።

ድስቱ ጥላሸት ለበሰ

ከመጣዳችሁ በፊት ውጩን ሳሙና ቀቡት። ሲታጠብ ጥላሸቱ አብሮ ይወርዳል።

ሌሊት ጅብ ድንኳኑን ዞረው

የሳበው የምግብ ሽታ ነው፤ ቋንጣና ዓሣ ደግሞ ሩቅ ይሸታሉ። ከምትተኙበት ራቅ አድርጋችሁ አብስሉ፣ ከመተኛታችሁ በፊት ድስቱን እጠቡ፣ የተረፈውን ምግብ አሽጋችሁ መኪና ካለ መኪና ውስጥ፣ ከሌለ ዛፍ ላይ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ። አጥንቱን መቅበር አይበቃም፣ ቆፍሮ ያወጣዋል፤ በፌስታል አስራችሁ ከተረፈው ምግብ ጋር ስቀሉትና ጠዋት ይዛችሁት ውረዱ። ፍሙ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ አመዱን በእንጨት አገላብጡ፣ በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ድገሙት።