ለዳቦ ቤት የሚሆን ማይክሮግሪድ እንዴት ይታቀዳል?

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ይሁን እንጂ አንድ ዳቦ ቤት ሌሊት ሊጥ እያቦካ ሳለ መብራት የሚጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በሰፈሩ ትራንስፎርመር፣ በዘመመ ምሰሶ ወይም ከአቅሙ በላይ በተጫነ መስመር ምክንያት ነው። ችግሩ ከደጃፍ የሚጀምር ስለሆነ ነጋዴው መፍትሔውን በግቢው ውስጥ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ማይክሮግሪድ የፀሐይ ፓነል፣ ባትሪ፣ ኢንቨርተር (የፓነልንና የባትሪን ኃይል መሣሪያዎች ወደሚሠሩበት የኤሌክትሪክ ዓይነት የሚለውጥ ዕቃ) እና ጄኔሬተር በአንድ መቆጣጠሪያ ሥር ተቀናጅተው፣ የመንግሥት መስመር ሲኖር ከእርሱ ጋር፣ ሲጠፋ ደግሞ ከእርሱ ተነጥለው ለድርጅቱ ኃይል የሚያቀርቡበት ሥርዓት ነው።

ሥራው የሚጀምረው የፓነል ዋጋ በመጠየቅ ሳይሆን በደብተር ነው። ቢያንስ ለሁለት ወር መብራት የጠፋበትን ቀንና ሰዓት፣ የቆየበትን ጊዜ፣ የነደደውን ናፍጣና የተበላሸውን ሊጥ መዝግቡ። መብራት በወር ጥቂት ሰዓት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ያለው ጄኔሬተር በቂ ሊሆን ስለሚችል፣ ከዚህ በታች ያለው ወጪ ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል።

ቀጥሎ እያንዳንዱ መሣሪያ የሚፈጀውን ኃይል ማስላት ያስፈልጋል። አዳማ ውስጥ ያለ አንድ መካከለኛ ዳቦ ቤትን በምሳሌነት እንውሰድ። 3 ኪሎ ዋት የሚስብ የሊጥ ማቡኪያ በቀን 4 ሰዓት ቢሠራ 12 ኪሎ ዋት ሰዓት (ቆጣሪ የሚቆጥረው የፍጆታ መለኪያ) ይፈጃል። ሁለት ማቀዝቀዣዎች 7፣ አምፖሎች፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽንና ካሜራ አንድ ላይ 5፣ የውኃ ፓምፕ ደግሞ 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚወስዱ ድምሩ 26 ይሆናል። 15 ኪሎ ዋት የሚስበው የኤሌክትሪክ ምድጃ ግን በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ ብቻውን 90 ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል፤ ይህም ከጠቅላላው ፍጆታ ከሦስት አራተኛ በላይ ነው።

የዕቅዱ ዋና ውሳኔ ያለው እዚህ ላይ ነው። ምድጃን በባትሪ ማሠራት ይቻላል፤ ሆኖም ሙቀት ለማመንጨት የሚገዛ ባትሪ ወጪውን የሚመልሰው በጣም ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ማቡኪያው፣ ማቀዝቀዣው፣ አምፖሉና ፓምፑ ፈጽሞ መቋረጥ የሌለባቸው ተብለው በተለየ የማከፋፈያ ሳጥን ላይ ይለዩ፤ ምድጃው ደግሞ በመስመሩና በጄኔሬተሩ ላይ ይቆይ። የሥራ ሰዓትን ማሸጋሸግም ምንም የማያስከፍል መፍትሔ ነው፤ ፓምፑ ታንከሩን በቀትር ቢሞላ፣ የከሰዓት በኋላው ዳቦም ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት ቢጋገር፣ የሚተርፈው የፓነል ኃይል የምድጃውን ፍጆታ በከፊል ይሸፍናል።

ባትሪው የሚለካው በሚያሳስበን የመቋረጥ ርዝመት ነው። ሌሊት ለ6 ሰዓት መብራት ቢጠፋ ማቡኪያው፣ ማቀዝቀዣዎቹና አምፖሎቹ በድምሩ 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋሉ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህሉን ያለ ሥጋት መጠቀም ስለሚቻል 20 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ይበቃል። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ሲገዛ ርካሽ ቢሆንም ከአቅሙ ከግማሽ በላይ ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ለዚሁ ሥራ 32 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ የሚይዝ መግዛት ግድ ይሆናል። የትኛውም ቢመረጥ ባትሪው ከምድጃው ሙቀትና ከዱቄት ብናኝ ራቅ ባለና አየር በሚዘዋወርበት ክፍል ይቀመጥ።

ፓነሉ የሚለካው በበጋው ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ደመና ነው። በክረምት ከ1 ኪሎ ዋት ፓነል በቀን 3.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገኛል ብለን ብንይዝ፣ ከምድጃው ውጪ ያለውን የ26 ኪሎ ዋት ሰዓት ፍጆታ ለመሸፈን 8 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሆን ፓነል ያስፈልጋል። በጣሪያው ላይ የዛፍ፣ የፎቅ ወይም የውኃ ታንከር ጥላ እንዳያርፍበት አስቀድሞ ማየት ይገባል፤ ትንሽ ጥላ የተያያዙትን ፓነሎች ሁሉ ምርት ሊቀንስ ይችላል።

ብዙ ገንዘብ ያለ ውጤት የሚፈሰው በኢንቨርተር ምርጫ ላይ ነው። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ራሱን ያጠፋል፤ ይህም ብልሽት ሳይሆን፣ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ከጣሪያችሁ በሚመለስ ኃይል እንዳይመታ ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው። ለማይክሮግሪድ የሚያስፈልገው ከመስመሩ ተነጥሎ የራሱን ቮልቴጅና ፍሪኩዌንሲ መፍጠር የሚችል ኢንቨርተር ነው። ከዚህም በላይ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ከረንት ስለሚስብ፣ 3 ኪሎ ዋት የተባለው ማቡኪያ ለቅጽበት ትልቅ ኢንቨርተርን ሳይቀር ሊያንበረክክ ይችላል። ለዚህ የሚሻለው ትልቅ ኢንቨርተር መግዛት ሳይሆን፣ ሞተሩን በዝግታ የሚያስነሣ የፍጥነት መቆጣጠሪያ መግጠም ነው። በአንድ ፌዝ ገብቶ በሦስት ፌዝ የሚወጣው ዓይነት መቆጣጠሪያ የሚሰጠው 220 ቮልት በመሆኑ፣ የሞተሩ ሰሌዳ 220/380 የሚል መሆኑና ጫፎቹ በዴልታ (ለዝቅተኛው ቮልቴጅ በሚሆነው የሦስት ማዕዘን አያያዝ) መታሰራቸው መረጋገጥ አለበት። 380/660 የሚል ሞተር በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ይህ ከተስተካከለ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ዋት የሆነ ኢንቨርተር ለምሳሌያችን በቂ ነው።

ጄኔሬተሩ አይሸጥም፤ ሥራው ብቻ ይለወጣል። በደንብ የተጫነ የናፍጣ ጄኔሬተር ከ1 ሊትር 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ሲሰጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሁለት ማቀዝቀዣ ብቻ የሚነሣው ግን ናፍጣውን ያባክናል፤ ያልተቃጠለ ነዳጅም በሞተሩ ውስጥ ይከማችበታል። ስለዚህ የሚነሣው ምድጃው ሲሠራ ብቻ ሆኖ፣ የተረፈውን አቅሙን ባትሪ እንዲሞላበት ይደረግ። አዲስ አበባን በመሰለ 2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ ባለው ቦታ፣ ቱርቦ (ተጨማሪ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ጉልበት ሙሉ በሙሉ እንደማይሰጥም ማሰብ ያስፈልጋል።

ወጪውን በተመለከተ ሻጮች የማይወዱት አንድ እውነት አለ፦ የመስመር ኤሌክትሪክ ታሪፍ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ቢሆንም በአገራችን አሁንም ርካሽ ነው፤ ስለዚህ ማይክሮግሪድን ከቆጣሪ ክፍያ ጋር ብቻ ያነጻጸረ ሰው አዋጭ ሆኖ አያገኘውም። ትክክለኛው ንጽጽር ከናፍጣና ከተበላሸ ምርት ጋር ነው። የ1 ሊትር ናፍጣን ዋጋ ለ3 አካፍሉ፤ የዘይት፣ የፊልትሮና የጥገና ወጪ ጨምሩበት፤ ከዚያም በደብተራችሁ ላይ ባለው የመቋረጥ ሰዓት ያለቀውን ኃይል በዚህ ዋጋ አባዙ። ባትሪውን ቀን በቀን ማራገፍም ጥቅም የለውም፤ መስመር እስካለ ድረስ ሞልቶ እንዲጠብቅ ኢንቨርተሩን ማስተካከል ዕድሜውን ይቆጥባል።

ከመስመሩ ጋር የሚደረገው ግንኙነት ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሳይገለጽና ፈቃድ ባለው ባለሙያ ሳይሠራ መጀመር የለበትም። የመሬት ማያያዣው መለካቱን፣ የመብረቅ መከላከያው መገጠሙን፣ ጄኔሬተሩና መስመሩ በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ የሚከለክለው ማብሪያ መሥራቱን በዓይናችሁ ሳታዩ ርክክብ አትፈርሙ። በርክክቡ ቀንም ማቡኪያው ሊጥ ተጭኖበት እየሠራ ሳለ ዋናውን ብሬከር አውርዳችሁ ሞክሩት፤ ባዶ ማቡኪያ ላይ የተደረገ ሙከራ ስለ ሥርዓቱ ብቃት የሚያስረዳው ነገር የለም።