የዝንጀሮ አገዳን በግቢያችን እንዴት እናሳድግ?

ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ የወጣ ሰው ይህን አበባ ሳያየው አይቀርም። ረጅም አገዳ፣ ጫፉ ላይ ቢጫና ብርቱካንማ ዘለላ። የዝንጀሮ አገዳ ይሉታል፤ አሸንዳ የሚለውም አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ክኒፎፊያ ፎሊዮሳ ነው። በዱር የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። የውጭ አበባ በውድ እየተገዛ ይሄ መረሳቱ ያንገበግበኛል።

መንዝ ውስጥ ካለው የጓሳ ጥብቅ ስፍራ ነቅላችሁ አታምጡ። ያን ቦታ የመንዝ ሰው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ደንብ ጠብቆ ያቆየው ነው። ግቢው ውስጥ ካለው ሰው ዘር ለምኑ። ዘለላው ደርቆ ፍሬው ሲሰነጠቅ ዘሩ ይለቀማል። የካቲት ላይ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ዝሩት፣ በስሱ አልብሱት፣ እርጥበቱ አይጥፋ። ሳምንታት ስለሚፈጅ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ያረጀ ተክል ያለው ሰው ግን ሥሩን ከፍሎ ቢሰጣችሁ እሱ ይሻላል። ከዘር የበቀለው ለማበብ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈልጋል።

ዋናው ነገር መትከሉ ነው። ይህን ተክል ብርዱ አይገድለውም፤ የሚገድለው የተኛ ውሃ ነው። የእኛ መረሬ፣ ጥቁሩ የሸክላ አፈር፣ ደግሞ ክረምት ላይ ውሃ ይዞ አይለቅም። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍራችሁ አትቅበሩት። ገበሬው ለምስርና ለስንዴ መደብ እንደሚያወጣው አፈሩን ከፍ አድርጉ፣ ጠጠርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፣ በጎንና በጎኑ ቦይ ቅደዱ።

ሰኔ መጀመሪያ ላይ መደቡ አናት ላይ ትከሉት። ቅጠሉና ሥሩ የሚገናኙበት አንገት ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። አንገቱ ከተቀበረ መሃሉ ይበሰብሳል፤ ቅጠሉ ሲሳብ ተመዞ ይወጣል። ያኔ መድኃኒት የለውም። ችግኙ እንዳይወድቅ ብሎ አፈር መከመር የብዙ ሰው ልማድ ነው፣ እባካችሁ ተዉት። ከዘነበ በኋላ እየዞራችሁ ታጥቦ የመጣውን አፈር ከአንገቱ ላይ ጥረጉ።

ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ሲመጣ ለጋውን ተክል አሮጌ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስባችሁ እሰሩለት። ፕላስቲክ አታልብሱት፣ ላቡ ያበሰብሰዋል።

አበባው ከታች ወደ ላይ ነው የሚፈነዳው። ለቤት ከሆነ የታችኛው ሲሶ ሲፈካ በጠዋት ቁረጡ። ጥቂቱን ለአበባ ቀሳሚ ወፎች ተዉ፤ ዘር እንዲይዝ የሚረዱት እነሱ ናቸው። የተቆረጠውን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ። ከተጋደመ ጫፉ ወደ ላይ ይቆለመምና መልሶ አይቀናም።