የተቀባው ቅጠል ጭርቱን ሳያድን ሲቀር፦ ምልክት፣ መንስኤና መፍትሔ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቡራዩ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ለገጣፎ ባሉ ሰፈሮች፣ ቆዳው ላይ ክብ ነገር የወጣበት ሰው ከፋርማሲው አስቀድሞ የሚያስበው አጥር ሥር የበቀለውን ተክል ነው። ብሳናው፣ እንዶዱ፣ እምቧዩ፣ ነጭ ሽንኩርቱ በየቤቱ ይታወቃሉ። እኔም ያደግሁት አያቴ የብሳና ቀንበጥ ሰብራ ፈሳሹን ክንዴ ላይ ስታሸኝ ነውና ተክሎቹን ለማጣጣል አልጽፍም። ሆኖም ለዓመታት ያስተዋልሁት ነገር አለ። ተክሉ «አልሠራም» ሲባል ነገሩ ሲጣራ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ጭርቱን ያመጣው ፈንገስ የት እንደተቀመጠ አለመታወቁ፣ አለዚያም በሽታው ከነጭራሹ ፈንገስ አለመሆኑ ነው። ፈንገስ በቆዳው የላይኛ ስስ ሽፋን፣ በፀጉር ዘንግ ወይም በጥፍር ውስጥ ይኖራል። ከላይ የሚቀባ ነገር የመጀመሪያውን ሊያገኘው ይችላል፤ ፀጉር ዘንግና ጥፍር ውስጥ ያለውን ግን በሚገባ አይደርስበትም።

መሃሉ እየጠራ ጠርዙ የሚሰፋ ክብ

ይህ የጭርት ዋና መልኩ ነው። ጠርዙ ከፍ ያለ፣ ቅርፊት ያለውና የሚያሳክክ ሲሆን መሃሉ የዳነ ይመስላል። ቀላ ይላል ቢባልም በእኛ ቆዳ ላይ ብዙውን ጊዜ ጠቆር ወይም ግራጫ ብሎ ይታያል። አብዛኛው ሰው ብሳናውን ወይም ለሁለት የተከፈለውን እምቧይ የሚያሸው መሃሉን ነው፤ ይሁን እንጂ ፈንገሱ ኬራቲን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን እየተመገበ ወደ ውጭ ስለሚጓዝ፣ ሕያው ሆኖ የሚገኘው በጠርዙና ከጠርዙ ባሻገር ጤነኛ በሚመስለው ቆዳ ላይ ነው። ስለዚህ የሚቀባው ሁሉ፣ ከጓሮም ይምጣ ከፋርማሲ፣ ጠርዙን 2 ሳንቲ ሜትር ያህል አልፎ መቀባት አለበት።

ሁለተኛው መንስኤ የጊዜ ማጠር ነው። ማሳከኩ በጥቂት ቀናት ሲበርድ ሰው መቀባቱን ያቆማል፤ የቀረው ፈንገስም ከሳምንታት በኋላ ክቡን መልሶ ይሠራል። መጠኑ ተለክቶ የተመረተው የፋርማሲ ፀረ ፈንገስ ቅባት፣ ክሎትሪማዞል 1 በመቶ እንኳ በአብዛኛው በቀን 2 ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይቀባል፤ ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ለ1 ወይም ለ2 ሳምንት ይቀጥላል። ኃይሉ ከዛፍ ዛፍ፣ ከወቅት ወቅት የሚለያየው የብሳና ፈሳሽ ታዲያ በ3 ቀን ይጨርሰዋል ብሎ መጠበቅ አይገባም። የብዙዎቹ ተክሎቻችን ጭማቂ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ የፈንገስን ዕድገት እንደሚገታ ታይቷል፤ ይህ ለባህላዊው ዕውቀት ትልቅ ምስክር ነው። ነገር ግን ሳህኑ ላይ ፈንገሱ ራቁቱን ነው፤ በሰው ገላ ላይ ግን በቆዳ ቅርፊት ተሸፍኖ ይኖራል፣ ጭማቂውም ይደርቃል፣ ይታጠባል፣ በልብስ ይጠረጋል።

የእኔ አስተያየት እንዲህ ነው። ጭርቱ ትንሽ፣ አንድና በክንድ ወይም በእግር ላይ ያለ ከሆነ፣ በቤቱ የታወቀውን ተክል ለመሞከር የወሰነ አዋቂ ለሙከራው 2 ሳምንት ይስጠው። በዚህ ጊዜ ካልቀነሰ፣ ከሰፋ፣ ወይም ከሁለት በላይ ቦታ ከወጣ ወደ ክሎትሪማዞል ወይም ወደ ዊትፊልድ ቅባት ይለፍ። ዊትፊልድ 6 በመቶ ቤንዞይክ አሲድና 3 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው የቆየ ቅባት ሲሆን፣ ሳሊሲሊክ አሲዱ የላይኛውን ቅርፊት እያላጠ ለመድኃኒቱ መንገድ ይከፍታል። ይህ አሲድ ስሙን ያገኘው በእኛም ወንዞች ዳር ከሚበቅለው ከአኻያ ዛፍ ወገን ነውና፣ ወደ ፋርማሲ መሄድ ተክልን መክዳት የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ከተቀባ በኋላ ውሃ መቋጠር፣ መቃጠል ወይም መጥቆር

ብዙ ሰዎች መቃጠሉን የመድኃኒቱ ኃይል ምልክት አድርገው ስለሚያዩት ይታገሡታል። ይህ በጣም ያሳስበኛል፤ የተቃጠለ ቆዳ በሩ የተከፈተ ቤት ነውና ባክቴሪያ ይገባበታል፣ ቁስሉም ከጭርቱ የከፋ ጠባሳ ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ሲወቀጥ የሚወጣው አሊሲን ፈንገስን ይጎዳል፤ ነገር ግን የተወቀጠው ሽንኩርት በጨርቅ ታስሮ ካደረ ቆዳውን እንደ እሳት ይልጠዋል። የአዞ ሐረግም የትኩስ ቅጠሉ ጭማቂ ውሃ የሚያስቋጥር ነው። የቁልቋል ወተት ከሁሉም ይብሳል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ማየትን ሊያሳጣ ስለሚችል ፊት ላይም ሆነ ሌላ ቦታ እንዲቀባ አልመክርም።

እንዶድ ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ምርምራቸውን እንደጀመሩ ይታወቃል። አረፋ የሚያወጣውና ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር የሕዋስን ሽፋን የሚያፈርስ ነው፤ በፈንገስ ላይ ለሚታየው ኃይልም ምክንያት የሚሆነው ይኸው ጠባዩ ነው። የሕዋስ ሽፋን ግን የእኛም ሕዋስ ስላለው፣ እንዶድ ዓይንንና አፍንጫን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ሲጠጣም መርዝ ነው፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ ፅንስ እስከ ማስወረድ ይደርሳል።

መጥቆሩ ሌላ መንስኤ አለው። የጤና አዳምና የሎሚ ጭማቂ ቆዳውን ለፀሐይ ጨረር እጅግ ስሱ የሚያደርጉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ተቀብቶ ከቤት የወጣ ሰው፣ ያውም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው በእኛ ከፍታ፣ በማግስቱ ቆዳው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይቀርበታል።

መፍትሔው ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃና በሳሙና ማጠብ፣ የቋጠረውን አለማፍረጥና ተክሉን ዳግም አለመቀባት ነው። ዓይን ከተነካ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እያጠቡ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። ለወደፊቱ ደግሞ ማንኛውም ጭማቂ በመጀመሪያ በክንድ የውስጥ ገጽ ላይ፣ በሳንቲም ልክ ተቀብቶ 2 ቀን ይጠበቅ። ለሕፃን፣ ለፊት፣ ለብሽሽትና ለተላጠ ቆዳ ግን ሙከራውም ባይደረግ ይሻላል።

የልጅ ራስ ላይ ፀጉሩ እየተሰበረ የሚመለጥ ቦታ

ይህ ቆረቆር ነው፤ ተክልም ሆነ የፋርማሲ ቅባት ብቻውን የማያድነው ችግር ይህ በመሆኑ ወላጆችን አጥብቄ የምለምነው እዚህ ላይ ነው። ፈንገሱ፣ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የተባለው ዓይነት፣ በፀጉሩ ዘንግ ውስጥና በሥሩ ይኖራል። ራስን ላጭቶ፣ እስኪደማ በቅጠል አሽቶ ወደዚያ መድረስ አይቻልም፤ የተላጨበት ምላጭም ለወንድምና ለእህት ያስተላልፋል። መድኃኒቱ የሚዋጥ ነው፤ ግሪሶፉልቪን በልጁ ክብደት ተለክቶ በአብዛኛው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድም የተሻለ ወደ ሰውነት ይገባል። የሚሰጠው በጤና ባለሙያ ትእዛዝ ነው። የቤቱ ልጆች ሁሉ ራሳቸው ይታይ፤ ማበጠሪያ፣ ኮፍያና ሻሽም ለየብቻ ይሁን።

አንዳንድ ጊዜ የልጁ ራስ ላይ እንደ እበጥ ያለ፣ ለስላሳና መግል የሚያዥ እብጠት ይወጣል። በሰፈራችን አንድ ልጅ ይህ ወጥቶበት «ይፍረጥ» ተብሎ በምላጭ ተቀዷል፤ ዛሬም በዚያ ቦታ ፀጉር አይበቅልም። እብጠቱ ሰውነት ፈንገሱን ሲዋጋ የሚነሳ ብግነት ስለሆነ አይቀደድም፤ የሚዋጠው መድኃኒት ቶሎ መጀመር አለበት።

አንገት፣ ደረትና ጀርባ ላይ የተበተነ ነጣ ወይም ቡናማ ያለ ነጠብጣብ

በጥፍር ሲፋቅ ደቃቅ ቅርፊት የሚያወጣው ይህ ቋቁቻ ነው። ማላሴዚያ የተባለው ፈንገስ በሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፤ ሙቀት፣ ላብና ቅባት ሲያገኝ ይባዛል። ቅባት ለእርሱ ምግቡ በመሆኑ ቅጠሉን በቅቤ ለውሶ መቀባት በአንድ እጅ እየመቱ በሌላው እንደ ማጉረስ ነው። ኬቶኮናዞል ወይም 2.5 በመቶ ሴሌኒየም ሰልፋይድ ያለው ሻምፑ ቦታው ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሲታጠብ በደንብ ይሠራል። ፈንገሱ ከሞተ በኋላም የቆዳው ቀለም እስኪመለስ ወራት ይፈጃልና፣ ቅርፊቱ ከጠፋ ነጣ ማለቱ ብቻ መድኃኒት ለመቀያየር ምክንያት አይሆንም።

የእግር ጣቶች መሃል ነጥቶ መላጥና መሽተት

ከሰኔ እስከ መስከረም በጭቃችን ቦት ጫማ ወይም ኮንጎ ጫማ አድርጎ የሚውል ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መንስኤው እርጥበቱ ስለሆነ ጣቶቹን አድርቆ መጥረግና ካልሲ መለወጥ ካልታከለበት የትኛውም ቅባት ዘላቂ አይሆንም። የስኳር ሕመምተኛ ግን ራሱ ሳይሞክር ይታይ።

ድኖ የሚመለስ ወይም ቅርጹ የጠፋ ጭርት

በሱሉልታና በሰበታ ዙሪያ የወተት ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች ጥጃዎቻቸውን ይመልከቱ። ዓይናቸው ዙሪያና አንገታቸው ላይ ፀጉሩ የረገፈ፣ ግራጫ ቅርፊት ያለው ክብ ካለ፣ ጭርቱ ከከብት ወደ ሰው እየተመላለሰ ሊሆን ይችላልና የእንስሳት ሐኪምም ሊጠራ ይገባል። ድመትም እንዲሁ ታስተላልፋለች።

ሌላው መንስኤ ስቴሮይድ የተባለው ብግነትን የሚያበርድ መድኃኒት ነው። ቤታሜታዞን ያለበት ቅባት ወይም ፊት ማቅያ ክሬም ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩና መቅላቱ በቀናት ስለሚጠፋ የዳነ ይመስላል፤ ፈንገሱ ግን የሰውነት መከላከያ ስለተዳከመለት ክብነቱን ትቶ በዝምታ ይሰፋል። እንዲህ ሲሆን ቅባቱን ሳይደብቁ ይዞ መቅረብና ቅርፊቱን አስፍቆ በማይክሮስኮፕ ማስመርመር ይገባል። በሁለቱም ክንድ መታጠፊያ የሚወጣና ውሃ የሚያዥ ከሆነ ደግሞ ችፌ ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ቅጠል ሁሉ ያባብሰዋል።

የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ቦታ

ዓይን ጨፍኖ ሌላ ሰው በጥጥ ጫፍ ቦታውን እንዲነካ ማድረግ ይቻላል። ካልተሰማ ወይም በዙሪያው ካለው ቆዳ ያነሰ ከተሰማ፣ ቅጠሉም ክሎትሪማዞሉም እዚያው ይቁም፤ ይህ የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ በጊዜ ከተጀመረ የእጅና የእግር ጉዳትን ይከላከላል። በአቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው በር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሥልጠናና ተሐድሶ የተቋቋመው፣ ዘነበወርቅ የሚገኘው አለርት ሆስፒታልም ዛሬ የቆዳ ሕመምተኞችን ሁሉ ይቀበላል።