ብሩሹን ከእጃቸው አትውሰዱ

ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ወጥቼ አረጋውያንን ቤት ለቤት መጎብኘት ስጀምር ከሁሉ የቀለለኝ ነገር ምክር መስጠት ነበር። «ጥርስዎን በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሹ» እላለሁ፤ «እሺ ልጄ» ይሉኛል። በሳምንቱ ስመለስ ብሩሹ እዚያው ተቀምጧል፤ ደረቅ እንደሆነ።

ነገሩ የገባኝ 80 ዓመት ያለፋቸውን አንዲት እናት «እስቲ ሲቦርሹ ያሳዩኝ» ያልኳቸው ቀን ነው። እጀታውን የያዙት በሁለት ጣት ብቻ ነበር፤ የቀሩት ጣቶቻቸው በቁርጥማት ደርቀው አይጨብጡም። ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ እንዳደረጉት ብሩሹ ወደቀባቸው። እሳቸው ሳቁ፣ እኔ አፈርኩ። ለወራት ስሰብካቸው የከረምኩትን ሁሉ ቀድሞውንም ያውቁት ኖሯል። የጎደላቸው የሚጨበጥ እጀታ ነበር።

ስለዚህ ወላጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ለመርዳት ስትነሡ «ይቦርሻሉ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የማይቦርሽም «አዎ» ይላል። «ያሳዩኝ» በሉና ዝም ብላችሁ እዩ። ትከሻቸው አልነሣ ብሏቸው ይሆን? መስታወቱ አይታያቸው ይሆን? ወይስ ቆሞ መቦረሽ አድክሟቸው?

እጀታውን ማወፈር ከባድ ሥራ አይደለም። ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ጠቅልላችሁ በላስቲክ አጥብቁት፤ መዳፍ ሙሉ እስኪሆን ድረስ። ጨርቅ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ እርጥበት ይይዛል። በባትሪ የሚሠራው ብሩሽም ለደከመ እጅ ጥሩ ነው፤ እጀታው ወፍራም ነው፣ እንቅስቃሴውንም ራሱ ይሠራዋል። ከዚያ ወንበርና ጠረጴዛ አቅርቡላቸው፤ ክርናቸውን አስደግፈው፣ ተቀምጠው ይቦርሹ።

ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው የባሰ ነበር። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ብሩሹን ከእነዚያው እናት ተቀብዬ ራሴ ቦረሽኩላቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔን መጠበቅ ጀመሩ፤ ያልሄድኩ ዕለት ጥርሳቸው ሳይነካ ይውላል። ዛሬ እጄን የማስገባው እሳቸው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ያልደረሱበትን የኋላ መንጋጋ ብቻ እጄን በእጃቸው ላይ አድርጌ አብረን እንጨርሳለን። የመርሳት ችግር ላለበት ሰው ደግሞ ትእዛዝ ከመደርደር የራሳችሁን ብሩሽ ይዛችሁ ፊት ለፊቱ መቦረሽ ይሻላል፤ አይቶ ይከተላችኋል።

አቦራረሹን በተመለከተ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን፤ ሳሙናው የአተር ፍሬ ያህል ይበቃል። ቱቦው ላይ የፍሎራይዱን (ጥርስን ከመቦርቦር የሚከላከለውን ንጥረ ነገር) መጠን አንብቡ፤ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ppm፣ ከሚሊዮን እጅ ያለው ድርሻ) መሆን አለበት። የብሩሹን ጫፍ ጥርስና ድድ ወደሚገናኙበት መስመር አዘንብለው በትንንሹ፣ ሳይጫኑ ለ2 ደቂቃ ያንቀሳቅሱት። ያ መስመር በእርጅና ጊዜ ዋናው ቦታ ነው። ድድ ሲሸሽ የጥርሱ ሥር ይገለጣል፤ ሥሩ ደግሞ እንደ አናቱ በጠንካራ ሽፋን ስላልተሸፈነ ቶሎ ይቦረቦራል። ሲጨርሱ አረፋውን ይትፉ፣ ነገር ግን በውሃ አይጉመጥመጡ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ ይቆይ። ይህን ለማሳመን ከሁሉ በላይ ደክሜያለሁ፤ ሳይጉመጠመጡ አፍ የጸዳ አይመስላቸውም።

ድዳቸው ስለደማ መቦረሽ ያቆሙ ብዙዎችን አውቃለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚያደማው ድድ ላይ የተጠራቀመው ቆሻሻ ስለሆነ ማቆም ነገሩን ያባብሰዋል። ቀስ ብለው ይቀጥሉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልተሻላቸው የጥርስ ሐኪም ይያቸው። ስኳር በሽታ ያለባቸው በተለይ ችላ አይበሉት፤ የድድ ሕመምና ስኳር አንዱ ሌላውን ያባብሳሉ።

ከዚያ የመድኃኒት ከረጢታቸውን እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ለደም ግፊት፣ ለድብርትና ለአለርጂ ከሚሰጡ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ምራቅ ይቀንሳሉ። ምራቅ አፍን የሚያጥብና አሲድን የሚያለዝብ ስለሆነ ሲደርቅ ጥርስ ያለ ጠባቂ ይቀራል። አንድ አባት አፋቸው ሲደርቅባቸው ቀኑን ሙሉ ከረሜላ ይመጥጡ ነበር፤ ጥርሶቻቸው ሁሉ ከድዱ ጋር በሚገናኙበት መስመር ጠቁረው አገኘኋቸው። አሁን ከረሜላው በነበረበት ኪሳቸው ስኳር የሌለው ማስቲካ ይዘዋል፣ ውሃም ጎንጨት ጎንጨት ይላሉ። መድኃኒቱን ግን ማንም በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም፤ ስለ ድርቀቱ ለሐኪሙ መንገር ነው።

ወደ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስመጣ የራሴን ጉድ ልናገር። ገና ጀማሪ ሳለሁ ጀርም ልገድል ብዬ የፈላ ውሃ ደፋሁበት። ፕላስቲኩ ተጣመመ፤ ባለቤቱ አፋቸው ውስጥ ቢያደርጉት አልገጥም አለ፤ ነርስ ነኝ ባይ እኔ ነበርኩ! ለብ ካለ ውሃ በላይ አያስፈልገውም። መደበኛው የጥርስ ሳሙናም ስለሚቧጭረው በለስላሳ ብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና አጥበው በደንብ ያለቅልቁት። ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር ከሥር የታጠፈ ፎጣ ያንጥፉ። ማታ አውልቀው ውሃ ውስጥ ያሳድሩት፤ ድድም ማረፍ አለበት። ድዱን፣ ላንቃውንና ምላሱን በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። «ጥርስ የለኝም፣ ሐኪም ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ አሉ፤ አፍ ግን ጥርስ ባይኖረውም ይታመማል።

ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል፣ የማይለቅ ነጭ ወይም ቀይ ምልክት፣ ድንገት የተነቃነቀ ጥርስ ካያችሁ ቀጠሮ አታስተላልፉ። ደም የሚያቀጥን ወይም ለአጥንት መሳሳት የታዘዘ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ጥርስ ከመነቀሉ በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ይነገረው።

አሁን ከቤት ለቤቱ ጉብኝት ሌላ አረጋውያኑን በአምስት በስድስት ሰብስቤ አብረን እንቦርሻለን። ጃፓኖች ከ1989 ጀምሮ «በ80 ዓመት 20 ጥርስ» የሚል ዘመቻ እንዳላቸው ስነግራቸው ሁሉም በምላሳቸው ጥርሳቸውን ይቆጥራሉ፤ ክርክሩ ይደምቃል። ባለፈው ሳምንት ለአንዲት አዲስ መጪ ብሩሽ ስጠቀልል እነዚያ ጣታቸው የማይጨብጥ እናት ከእጄ ነጠቁኝ። «አንቺ ላስቲኩን ታላያለሽ፤ ተዪው፣ እኔ ላሳያት» አሉኝ።