የአይክለር ቤቶችን ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቤት ገንብቶ በመሸጥ ሥራ ተሰማርቶ የነበረው ጆሴፍ አይክለር እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ እስከ 1960ዎቹ ድረስ በካሊፎርኒያ ወደ 11,000 የሚጠጉ ቤቶችን ሠርቷል፤ ከነደፉለት አርክቴክቶች መካከል ኤ. ኩዊንሲ ጆንስና ፍሬድሪክ ኤመንስ ይገኙበታል። በእነዚህ ቤቶች ሸክሙን የተሸከመው እንጨትና ዓይን የሚያርፍበት እንጨት አንድ ነው። ይህን ሳይገነዘቡ እድሳት የሚጀምሩ ወጣት ባለሙያዎችን ደጋግሜ በማየቴ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉም የከፋው ጥፋት የሚደርሰው በጣሪያው ላይ ነው። በኮርኒስና በጣሪያ መካከል ባዶ ቦታ የለም፤ ከሳሎን ቀና ብለው የሚያዩት ሳንቃ ውኃ መከላከያው በላዩ የተነጠፈበት ያው ሳንቃ ነው። የጣሪያ ሠራተኛው የለመደውን ረጅም ምስማር ይዞ ሲመጣ ጫፉ ሳንቃውን በስቶ በመኝታ ቤቱም በሳሎኑም ይወጣል፤ ያን ሁሉ ቀዳዳ ደፍኖ የእንጨቱን መልክ መመለስ ደግሞ አይቻልም። ስለዚህ ምስማር ከመገዛቱ በፊት የሳንቃው ውፍረት ይለካ። መብራት ለመቅበር ሲባል ከሥር የጂፕሰም ኮርኒስ መስቀልም ቢሞቹን፣ ማለትም ጣሪያውን የተሸከሙትን አግዳሚ እንጨቶች፣ ሰውሮ ክፍሉን ያሳጥረዋል። ሽቦው ከላይ፣ በጣሪያው ላይ በሚነጠፈው የሙቀት መከላከያ ፎም ውስጥ ይለፍ፤ ፎሙም ቢሆን ወደ ጠርዙ እየሳሳ ካልሄደ ጆንስ የተጠበበበትን ቀጭን የጣሪያ መስመር ያወፍረዋል።

ወለሉን ሳይመረምሩ መቁረጥ ሁለተኛው ስህተት ነው። ቤቱን የሚያሞቀው በኮንክሪቱ ውስጥ በተቀበሩ ቧንቧዎች የሚዘዋወር ሙቅ ውኃ ነው። በአንድ ቤት ማድ ቤቱን ለማዛወር የመጣ ኮንትራክተር ወለሉን በመጋዝ ሲከፍት ቧንቧውን ቆረጠው፤ ከመጠገን ይልቅ ማሞቂያው እንዲተው ተወሰነ፤ በምትኩም ትልልቅ የአየር ቱቦዎች ጣሪያው ላይ ተጋደሙ። ማሞቂያውን አስነሥቶ፣ ወለሉን በሙቀት ካሜራ አይቶ፣ የቧንቧዎቹን መንገድ በጠመኔ ማስመር ይህን ሁሉ ያስቀር ነበር።

የውስጥ ግድግዳዎች አብዛኛውን ጊዜ ሸክም የለባቸውም፤ በውስጣቸው የቆመው ምሰሶ ግን ሸክም ስላለበት፣ ግድግዳ ከመፍረሱ በፊት ከላይ ያለው ቢም የት እንዳረፈ ይታይ።

በመንገድ በኩል መስኮት መክፈትም አይገባም። ፊቱ የተዘጋው ቤተሰቡ ከመንገደኛ ዓይን ተሰውሮ ከጓሮውና ከመካከለኛው ግቢ ብርሃን እንዲያገኝ ታስቦ ነው።

የውስጥ ግድግዳዎቹን የሸፈነውን የማሆጋኒ ኮምፔንሳቶ ቀለም አይቀቡት።

የባለቤቱ ገንዘብ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን፣ እስከ ወለል የሚወርደው አሮጌ መስታወት ሲሰበር ስለት በሌላቸው ጥቃቅን ፍርፋሪዎች በሚበታተን መስታወት ይለወጥ፤ ልጆች በር የተከፈተ መስሏቸው የሚሮጡት ወደዚያ ነውና።