ዳዊቱን በየቀኑ መጨረስ ላቃታችሁ

በደብረ ብርሃን ብርድ ማልዶ ዳዊት መድገም ለከበዳችሁ፦ የዕለቱን ድርሻ ሙሉውን ባትችሉም ጨርሶ አትተዉት። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 ነው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ መዝሙር ብቻ ምረጡና ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያ ልባችሁን የነካውን ቃል የራሳችሁ ጸሎት አድርጉት። ሰኞ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው (በዳዊቱ 22ኛው፣ በአንዳንድ መጽሐፍ ቅዱስ 23ኛው) ጋ ስትደርሱ፣ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ በሥራዬ ምራኝ፤ መንዝ ያለችውን እናቴን ጠብቅልኝ» በሉ። ስም እየጠራችሁ፣ የጎደላችሁን እየነገራችሁት። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ያንኑ ቃል ጠባሴ ሰፈር ባጃጅ ስትጠብቁም በልባችሁ ደጋግሙት። ጊዜ ከተረፋችሁ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሩበት።