«ሮምፕ» እና ዘመዶቹ፦ ቡረቃንና ቀላል ድልን በእንግሊዝኛ ለመግለጽ

«ሮምፕ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሁለት ፍቺ አለው። አንደኛው ልጆች ወይም ቡችሎች እየተሯሯጡ፣ እየተገፈታተሩ ሲቦርቁ ነው። ሁለተኛው ተወዳዳሪ ሌሎቹን በሰፊ ልዩነት ጥሎ እንደ ዘበት ሲያሸንፍ ነው። የእኛው «ቦረቀ» የመጀመሪያውን ልክክ አድርጎ ይገልጻል፤ ሁለተኛውን ግን አይሸከምም። «ቡድኑ ቦረቀ» ቢባል ደስታው እንጂ ድሉ አይሰማም። እንግሊዝኛ ውስጥ ሁለቱን ያገናኛቸው የፈረስ እሽቅድምድም ነው፤ ከኋላው የሚያሳስበው ሳይኖር እየፈነጠዘ የሚገባ ፈረስ «ሮምፕት ሆም» ይባላል። በ1973 በአሜሪካ የቤልሞንት ውድድር ሴክሬታሪያት የተባለው ፈረስ ተከታዩን በ31 የፈረስ ርዝመት ቀድሞ ገብቷል፤ ቃሉ ከዚህ የተሻለ ቦታ አያገኝም።

አማርኛ ተናጋሪ በብዛት የሚሰናከለው በሰዋስው ላይ ነው። «አሸነፈ» ተሸናፊውን በ«ን» ይቀበላል፤ ጀርመን ብራዚልን አሸነፈች እንላለን። በዚሁ ልማድ «ጀርመኒ ሮምፕት ብራዚል» ብሎ መጻፍ ይመጣል፤ ስህተት ነው። «ሮምፕ» ተሳቢ አይቀበልም፣ መሸጋገሪያ ቃል ይፈልጋል። ድሉን ብቻ ለመናገር «ሮምፕት ሆም» ወይም «ሮምፕት ቱ ቪክትሪ» ይበሉ። ተሸናፊውን መጥቀስ ካስፈለገ ደግሞ «ሮምፕት ፓስት» ብለው ስሙን ያስከትሉ። ቀላል ድልን የሚገልጹት «ክሩዝ» እና «ብሪዝ»ም በ«ፓስት» ይሄዳሉ። በተቃራኒው ክፉኛ መርታትን የሚገልጹት «ትራሽ»፣ «ትራውንስ»፣ «ራውት» እና «ሃመር» ተሸናፊውን በቀጥታ ይይዛሉ። በ2014 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስትረታ «ጀርመኒ ትራሽት ብራዚል» ማለት ትክክል ነው። የተጠራጠሩትን ግስ ወደ ተደራጊ ይለውጡት፦ «ብራዚል ዋዝ ትራሽት» ያስኬዳል፣ «ብራዚል ዋዝ ሮምፕት» አያስኬድም።

ግሱን ከመምረጥዎ በፊት ልዩነቱን ይመልከቱ። በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ አልማዝ አያና 10,000 ሜትሩን በ29:17.45 ስትጨርስ ሁለተኛዋ የገባችው ከ15 ሰከንድ በኋላ ነበር፤ እዚህ «ሮምፕት ቱ ቪክትሪ» ይስማማል። በ2000 በሲድኒ ግን ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ለዚህ «ሮምፕ» ማለት ሩጫውን ያላየ ሰው ወሬ ይሆናል። «ለጥቂት ቀደመው» የምንለው በእንግሊዝኛ «ኤጅድ አውት» ነው።

ከልዩነቱ ቀጥሎ የሚታየው የተከፈለው ጉልበት ነው። «ክሩዝ» አቅም ተርፎት በተረጋጋ ፍጥነት ያሸነፈን ይገልጻል። «ኮስት» ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ፔዳል ሳይመታ ሲንሸራተት የሚባል ነው። በ2008 በቤጂንግ ዩሴይን ቦልት 100 ሜትሩን ሳይጨርስ እጁን ዘርግቶ ደረቱን እየመታ በ9.69 ሰከንድ ሲገባ የመጨረሻዎቹን ሜትሮች «ኮስት» አደረገ ማለት ይቻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቃሉ ስለ ተማሪ ወይም ስለ ሠራተኛ ሲነገር ነው፤ ያኔ «መትጋቱን ትቷል» የሚል ወቀሳ ይሆናል። «ዎልትስ»ም ቅሬታ ያዘለ ነው፦ ሌላው የለፋበትን ዘው ብሎ ገብቶ ወሰደው እንደማለት። ፈተናን በቀላሉ ላለፈ «ብሪዝ ስሩ» ይበሉ፤ ክፉ ጥላ የለበትም።

«ዎክኦቨር» በተለመደው ንግግር ቀላል ድል ማለት ቢሆንም በውድድር ደንብ ግን ተጋጣሚ ባለመቅረቡ የሚገኝ ውጤት ነው፤ የእኛው ፎርፌ። ተጫውቶ 5 ለ 0 ላሸነፈ ቡድን ባይጽፉት ይሻላል፤ አንባቢው ጨዋታው አልተካሄደም ብሎ ሊረዳ ይችላል።

የቡረቃ ግሶችም እንደ አማርኛዎቹ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። «ፍሮሊክ» ፈነጠዘ ነው፣ ንጹሕ ደስታ። «ጋምቦል» ግልገል እግሩን እያነሳ ሲዘል ነው፤ የሚገኘው በአብዛኛው በጽሑፍ ሲሆን በ«ኦ» ፊደል መጻፉን አይርሱ፤ ድምፁ የሚቀርበው ሌላኛው ቃል ቁማር ነው። «ካቮርት» ወደ ፈነጨ ያደላል፣ ትዝብት አለበት። «ፕራንስ» ለፈረስ እግርን ከፍ እያደረጉ መርገጥ ነው፤ ለሰው ሲሆን እዩኝ እዩኝ ማለት። «ፍሪስክ»ን በመዝገበ ቃላት «ዘለለ» ተብሎ ቢያገኙትም ለጨዋታ አይጠቀሙበት፤ ዛሬ የሚሰማው ፖሊስ ወይም ጥበቃ ልብስን በእጅ ዳብሶ ሲፈትሽ ነው። ስለ ጎልማሶች «ሮምፕ» እና «ካቮርት» ሲባል ደግሞ በተለይ በወሬ ጋዜጦች የፍትወት ፍቺ አለው፤ ለልጆች «ሮምፕ አራውንድ» ብለው ይለዩት።

አጻጻፍና አነባበብ ላይ ሁለት ነገር ይቀራል። «ፍሮሊክ» በ«ሲ» ስለሚያልቅ ኃላፊ ጊዜና «አይኤንጂ» ሲጨመር በመካከል «ኬ» ይገባል። «ሮምፕ»፣ «ትራሽ» እና «ትራውንስ» በኃላፊ ጊዜ «ኢዲ» ቢጻፍባቸውም መጨረሻቸው «ት» ተብሎ ይነበባል፤ «ክሩዝ» በ«ድ» ያልቃል፤ «ኮስት» እና «ራውት» ግን ተጨማሪ ክፍለ ቃል አግኝተው «ኮስቲድ» እና «ራውቲድ» ይሆናሉ።